«ጾትሲ»ን ትናንት ማታ አየሁት

ስሙን ስሰማ ኖሬ ትናንት ማታ ገና አየሁት። «ጾትሲ» የደቡብ አፍሪካ ፊልም ነው። ጋቪን ሁድ ከአቶል ፉጋርድ ልቦለድ ተነስቶ ሠራው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. በምርጥ የውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ኦስካር ወስዷል።

የጆሃንስበርግ ታሪክ ነው። የዱርዬዎች አለቃ የሆነ ወጣት አንዲት ሴት በሯ ላይ ተኩሶ ይመታትና መኪናዋን ይዞ ይፈተለካል። ትንሽ እንደነዳ ከኋላ ወንበር ሕፃን ያለቅሳል። ልጁን በወረቀት ከረጢት ከትቶ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። በጋዜጣ ዳይፐር ይሠራለታል። የቆርቆሮ ወተት ያበላዋል። ወጣ ብሎ ሲመለስ የሕፃኑን ፊት ጉንዳን ወርሮታል። እዚህ ጋ ዓይኔን ጨፈንኩ።

አንጀቴን የበላው ግን የሚርያም ነገር ነው። ልጅ የምታጠባ የሰፈሩ ሴት ናት። ሽጉጥ ደግኖ «አጥቢው» ይላታል። ትፈራለች። ጡቷን ስታጎርሰው ግን ፊቷ ይለወጣል፤ ለሕፃኑ ስትል ፍርሃቷን ዋጥ ታደርገዋለች። እሱም ሽጉጡን እንደያዘ ፈዝዞ ያያታል። ሚርያምን ቴሪ ፌቶ ያለ ብዙ ንግግር ነው የተጫወተቻት። ዱርዬውን የሆነው ፕሬስሊ ችዌኔያጋዬም እንዲሁ። የመጀመሪያ ፊልሙ ነበር። በ2025 እ.ኤ.አ. በ40 ዓመቱ አረፈ፤ ነፍሱን ይማር።

አብሮኝ ያየው ታናሽ ወንድሜ አልተዋጠለትም። «ለሌባ እንዴት ይታዘናል?» አለኝ። እውነቱን ነው። አምባሳደር አካባቢ ስልኩን መንትፈውት፣ ሲከተላቸው ደብድበውታል። ግን ፊልሙ ዱርዬውን ነፃ አላወጣውም። የባቡሩን ግድያ ተመልከቱ። ሰውየው ደሞዙን ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሠራተኛ ነው። ዱርዬዎቹ በሰው መሃል ከበው ይወጉታል። ማንም አያይም። ተሳፋሪው ሲወርድ ነው ሬሳው የሚወድቀው። ጀግንነት የሚባል ነገር የለበትም።

ያልወደድኩት የዱርዬው አባት ውሻዋን ረግጦ ወገቧን የሚሰብርበትን ትዝታ ነው። ፊልሙ ዱርዬው ለምን እንደጨከነ በግድ ሊያስረዳን ይሞክራል። የሲሚንቶ ቱቦዎቹ ይበቁ ነበር። ከቤት ጠፍቶ ያደገው እዚያ ውስጥ ነው፤ አሁን ሌሎች ሕፃናት ይኖሩበታል። ቱቦ ውስጥ ማደር ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ጠዋት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስሄድ ላስቲክ ተከናንበው የተኙ ልጆች አሉ። አንዳንዱ ማስቲሽ ያለበት ሃይላንድ እንደጨበጠ ነው። ዛሬ ጠዋት እንደ ወትሮው ቶሎ ማለፍ አቃተኝ። የስንት ዓመት ልጆች ናቸው?

መጨረሻ ላይ ሕፃኑን ለአባቱ ይመልሳል፤ ፖሊስ ከቦታል፤ እጁን ያነሳል። አለቀ። ይሞት፣ ይታሰር አይነግሩንም። ወንድሜ በዚህ ተናደደ። እኔ ግን ልክ ናቸው እላለሁ። ቢገደል አልቅሰን በወጣልን። ቢታሰር የእጁን አገኘ ብለን በተውነው። እስከ እኩለ ሌሊት ተከራክረን አልተግባባንም። ቅዳሜ ጓደኞቹን ጠርቶ ደግመን እናየዋለን።