ለካርድ ሲሉ የታሰሩት

ዛሬ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ኩዊን ስትሪት ላይ ካለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለልጄ ካርድ አወጣሁላት። ፎርም ሞላን፣ ካርዷን ተቀበለች፣ አለቀ።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 21 ቀን 1939 እዚሁ ቤት አምስት ጥቁር ወጣቶች አንድ በአንድ ገብተው ካርድ ጠየቁ። እምቢ ተባሉ። አልጮኹም፣ ማንንም አልነኩም። ከመደርደሪያው መጽሐፍ አንስተው፣ ለየብቻ በየጠረጴዛው ተቀምጠው ማንበብ ጀመሩ። ፖሊስ መጥቶ ወሰዳቸው። ክሱ ሥርዓት ማደፍረስ ነበር። ቁጭ ብሎ ማንበብ!

እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ነገሩን ያቀደው ሳሙኤል ዊልበርት ታከር የሚባል ወጣት ጠበቃ ነው፤ የዚያው ከተማ ልጅ። ከተማው በሩን ለሁሉም እንደመክፈት በ1940 ለጥቁሮች ብቻ ሌላ አነስ ያለ ቤተ መጻሕፍት ሠራ። ለታከርም የዚያኛውን ካርድ ሊሰጡት ፈለጉ። አልቀበልም ብሎ ጻፈላቸው። የጠየቀው የኩዊን ስትሪቱን ነዋ! ሌላው ቢሆን «ከምንም ይሻላል» ብሎ ይወስድ ነበር። እኔም እወስድ ነበር መሰለኝ።

በአምስቱ ላይ የነበረው ክስ በፍርድ ቤት የተሰረዘው በ2019 ነው። ሰማንያ ዓመት ሙሉ!

ያ ትንሹ ቤት አሁን የከተማው የጥቁሮች ታሪክ ሙዚየም ሆኗል። እዚህ አካባቢ ያላችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሁለቱንም ቤቶች አሳዩአቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ይኬዳል።