ጎደሎው ስንኝ

ትናንት ማታ መብራት ጠፋ። ሻማ ለኩሼ አንዲት ቀጭን የግጥም መጽሐፍ ይዤ ቁጭ አልኩ። የአንድ ወጣት ገጣሚ የመጀመሪያ ሥራ ናት። አንዷ ግጥም ላይ ስደርስ ከዚያ ማለፍ አቃተኝ።

ከለቅሶ ማግስት ስላለው ቀን ነው የሚያወራው። ድንኳኑ ፈርሷል። የእድሩ ወንበሮች እየተቆጠሩ ይመለሳሉ። ሦስቱ ስንኞች ሙሉ ናቸው። አራተኛው ግን ግማሹ ላይ ቆመ። መጀመሪያ የማተሚያ ቤት ስህተት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጮክ ብዬ ደገምኩት። ጆሮዬ የቀረውን ግማሽ ጠበቀ፤ አልመጣም። ያኔ ገባኝ። ሟቹ የጎደለው እዚያ ጋ ነው።

ይህን ለመስማት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ድሮ የዘመኑን ግጥም እንደ ዜና በዓይኔ ነበር የማነበው። ሰምና ወርቁን ፍለጋ እገባለሁ፣ ካጣሁት እተወዋለሁ። አሁን መጀመሪያ በጣቴ ጠረጴዛውን እየመታሁ የስንኙን ምቶች እቆጥራለሁ።

ሁላችንም የምናውቀውን የትዝታ ስንኝ እንውሰድ፦

ትዝታዬ አንተ ነህ ትዝታም የለብኝ
እመጣለሁ እያልክ እየቀረህብኝ

የመጀመሪያውን ቀስ ብላችሁ በሉት። ትዝ፣ ዝ፣ ታ፣ ያን፣ ተ፣ ነህ። ስድስት። "ዬ" እና "አ" ተዋውጠው "ያን" ሆኑ፤ "ዝ" ጠብቃ ሁለት ቦታ ገባች። ፊደል ብቻ የሚቆጥር ሰው እዚህ ይሳሳታል። ትዝ፣ ዝ፣ ታም፣ የ፣ ለብ፣ ብኝ። ስድስት። በድምሩ 12፣ መሃሉ ላይ ትንሽ ትንፋሽ። የወል ቤት የሚባለው ይህ ነው። አምስት አምስት ሲሆን ደግሞ ሰንጎ መገን ነው። ስሙን ባናውቀውም ጆሯችን ከልጅነት ጀምሮ ለምዶታል። ልኩን ስለለመደ ነው ጉድለቱ የሚያመው።

በራስ ሆቴል ግጥም በጃዝ ይቀርብ በነበረበት ጊዜ አንድ ረቡዕ ማታ ሄጄ ነበር። አንዲት ገጣሚ ስንኙ መሃል ዝም አለች፤ ቤዝ ጊታሩ ብቻውን ቀጠለ። አዳራሹ ውስጥ የሚያስል እንኳ አልነበረም። ገጹ ላይ ያለው ባዶ ቦታም እንደሚነበብ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ሁሉም ስብራት ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ዓረፍተ ነገር ቆራርጦ ወደ ታች መደርደር ግጥም አይሆንም። እንዲህ ያለው ስትቆጥሩት ያስታውቃል። መጀመሪያውኑ ልክ ስላልነበረው የሚጎድለውም ነገር የለም።

አባዬ ግን ነገሩን ከነጭራሹ አይቀበልም። "ቤት የማይመታ ነገር ግጥም ነው እንዴ?" ይላል። ክርክሩ የቆየ ነው፤ የሰሎሞን ደሬሳ የግጥም መጽሐፍ "ልጅነት" በ1963 ዓ.ም. ሲወጣም የተለመደውን አገጣጠም በመተዉ አከራክሮ ነበር። እኔ አባዬን አልፈርድበትም። እሱ ግጥምን የሚያውቀው በጆሮው ነው። እኔም በስተርጅና ወደ እሱ መንገድ ነው የተመለስኩት።

ዛሬ ጠዋት ቡና እየጠጣን ያቺን ግጥም አነበብኩለት። ምንም አላስረዳሁትም። በሌባ ጣቱ የሶፋውን ክንድ መታ መታ እያደረገ ሰማኝ። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አራተኛው ላይ እኔ ስቆም ጣቱ አየር ላይ ቀረ። ስኒውን አስቀመጠ። እናቴ ትቀመጥበት ወደነበረው ዱካ ትንሽ አየና፣

"እስቲ ድገሚው" አለኝ።