ለእትዬ ያልወጣልኝ ቃል

ዛሬም እሺ አልኩ። ስልኩ የጠራው ከቅዳሴ ተመልሼ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ የጣድኩት ሽሮ እስኪንተከተክ ስጠብቅ ነበር። የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ተማሪ ሳለሁ ቤታቸው ያኖሩኝ የእትዬ ድምፅ በደንብ አልሰማ ስላለኝ አንድ ጆሮዬን በመዳፌ ከድኜ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባሁ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ጾሙ፣ ስለ ዝናቡ አንድ በአንድ ከጠየቁኝ በኋላ ትንሽ ዝም አሉ። ያቺን ዝምታ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። "የኔ እናት፣ ይሄ ልጅ ሥራ አገኘ እኮ፤ ገንዘብ ተቀባይ አድርገውታል። ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ አሉት። እኔ ደግሞ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?" አሉ። ልቤ አይሆንም እያለ አፌ "እሺ እትዬ፣ ምን ችግር አለው" አለ። መርቀውኝ ስልኩን ዘጉ። ወደ ምድጃው ስመለስ ሽሮው ከሥሩ አርሮ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ሰዓት ያህል አልፏል፤ እኔም ይህችን "እሺ" የምትባል ቃል እያገላበጥኩ ተቀምጫለሁ። በእኛ ቤት ልጅ አፉን ሲፈታ ቶሎ ከሚማራቸው ቃላት አንዷ እርሷ ናት። እንግዳ ፊት "እምቢ" ያለ ልጅ ባለጌ ይባላል፤ እሺ ያለ ልጅ ግን የጨዋ ልጅ ተብሎ ግንባሩን ይሳማል። "እሺ ይበልጣል ከሺ" እየተባልን አድገን፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት ገብተን ስለ ትሕትናና ስለ መታዘዝ ስንማር፣ ሁለቱ ትምህርቶች በልባችን ውስጥ ሳይለዩ ተዋሐዱና እሺ ባይነታችንን ሁሉ ክርስትና አድርገን ቆጠርነው። እኔ ቢያንስ እንዲህ ቆጥሬው ኖሬአለሁ። ሰው የጠየቀኝን ሁሉ ስፈጽም፣ ደክሜ ስወድቅ እንኳ፣ መስቀሌን የተሸከምኩ ይመስለኝ ነበር።

ነገር ግን ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ስለ ሁለት ልጆች የተናገረውን ምሳሌ ዛሬ ማታ ደግሜ ሳነበው ደነገጥኩ። አባትየው ሁለቱንም ወደ ወይኑ አትክልት ሄደው እንዲሠሩ ያዛቸዋል። አንደኛው አልወድም ይላል፤ ኋላ ግን ተጸጽቶ ይሄዳል። ሁለተኛው "እሺ ጌታዬ" ይላል፤ ነገር ግን አይሄድም። ያ ሁለተኛው ልጅ እንዴት ያለ ጨዋ ነው! ቃሉ የእኛ ቃል ነው፣ አጠራሩም የእኛ አጠራር ነው። በእኛ መንደር ቢሆን ኖሮ የሚመሰገነው እርሱ ነበር። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ "እሺ" ብዬ አስደስቼ የሸኘሁትን ሰው ኋላ ስልኩን ሳላነሣለት ቀርቼአለሁ? ለማኅበራችን የዝክር ዝግጅት አስተባባሪ እንድሆን በጠየቁኝ ጊዜ፣ ጊዜ እንደሌለኝ እያወቅሁ ተቀብዬ፣ ሰዎቹ በመጨረሻው ሳምንት ያለ ሰው የቀሩት በእኔ እሺታ ምክንያት ነበር። እምቢ ብላቸው ኖሮ ያን ዕለት ብቻ ቅር ይላቸው ነበር።

ይሉኝታ የምንለው ነገር ይሄ ነው። ቃሉ ራሱ ምን እንደሆነ ይናገራል፤ "ምን ይሉኛል" ከሚለው ፍርሃት የተሠራ ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይሉኝታ ምን ያህል ሊያደርስ እንደሚችል ያሳየኝ ሄሮድስ ነው። ማርቆስ በምዕራፍ 6 እንደጻፈው፣ ሄሮድስ ዮሐንስን ጻድቅና ቅዱስ ሰው እንደሆነ ያውቅ ነበር፣ ይፈራው ነበር፣ ንግግሩንም በደስታ ይሰማው ነበር። በልደቱ ቀን ግብዣ ላይ የሄሮድያዳ ልጅ ዘፍና ደስ ስታሰኘው የጠየቀችውን እንደሚሰጣት ማለላት፤ እርሷም የመጥምቁን ራስ በወጪት ለመነችው። ወንጌሉ ንጉሡ እጅግ እንዳዘነ ይናገራል። አዝኖም ሳለ ስለ መሐላውና አብረውት በማዕድ ስለተቀመጡት ሰዎች ብሎ ሊከለክላት አልወደደም። "አብረውት ስለተቀመጡት" የምትለዋን ሐረግ ለብዙ ዓመታት ዝም ብዬ አልፌአት ነበር። ያን ሌሊት የነቢይ አንገት የተቆረጠው ሄሮድስ እንግዶቹ ፊት "አይሆንም" ማለት ስላሳፈረው ነው። መስከረም 2 ቀን የዮሐንስን ዕረፍት ለማክበር አንድ ወር እንኳ አልቀረንም፤ አዲሱን ዓመት በስሙ ቅዱስ ዮሐንስ ብለን ስንቀበል ያን የግብዣ አዳራሽ ከቶ አስቤው አላውቅም።

ጲላጦስም እንዲሁ ነው። በጌታ ላይ ምንም በደል እንዳላገኘበት ደጋግሞ ተናገረ፤ ሚስቱም በዚያ ጻድቅ ነገር እንዳይገባ ላከችበት፤ እርሱ ግን ሕዝቡን ደስ ማሰኘት ፈልጎ እጁን ታጠበና አሳልፎ ሰጠው። ሁለቱም ክፉ ነገር ለማድረግ አስበው ያደሩ ሰዎች አልነበሩም። የጠየቃቸውን ሰው ፊት ማስቀየም አቃታቸው እንጂ።

አባቴን አስታወስኩ። እኔ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አባቴ ለአንድ የሥራ ባልደረባው ዋስ ሆኖ ነበር። ሰውዬው ብድሩን ሳይከፍል ከከተማው ጠፋና ዕዳው በአባቴ ደመወዝ ላይ ወደቀ። አባቴ በሰማያዊ ልባድ ደብተር ውስጥ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ በየወሩ የተቆረጠበትን ገንዘብ ይጽፍ ነበር፤ ወሩን በስተግራ፣ ብሩን በስተቀኝ፣ ከዚያም በማስመሪያ አንድ ቀጥ ያለ መስመር። ደመወዝ በተከፈለ ማግስት ማታ ማታ መብራቱን ወደ ጠረጴዛው ጫፍ አስጠግቶ ያን መስመር ሲያሰምር አጠገቡ ቆሜ አየው ነበር። አንድም ቀን ሲያማርር ሰምቼው አላውቅም፤ ጎረቤቶቻችንም "ጻድቅ ሰው" ይሉት ነበር፤ እኔም በልጅ ልቤ ስኮራበት ኖርኩ።

ዛሬ ግን ትዝ ያለኝ እናቴ ናት። በዚያ ዘመን እናቴ ጾም በሌለበት ቀን ሁሉ ሽሮ ትሠራ ነበር። የአንገት ወርቋ አንድ ቀን ጠፋ፤ የት እንደሄደ ማንም አልጠየቀም። አባቴ እሺ ባለ ጊዜ እርሷን አላማከራትም ነበር። ለባልደረባው የሰጠው ያ ደግ ቃል ለእናቴ፣ ለእኔና ለወንድሞቼ ሳይነገረን የተሰጠን እምቢታ ነበር። ይህን ስጽፍ አባቴን የነቀፍኩ እየመሰለኝ እጄ ይከብደኛል፤ ነፍሱን ይማርልኝ። ነገር ግን እውነቱ ይህ ከሆነ፣ አንድ ሰው "እሺ" ባለ ቁጥር ዋጋውን የሚከፍለው በዚያች ሰዓት ከፊቱ ያልቆመ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ዋስ የምሆንለትን ልጅም ቢሆን አውቀዋለሁ። እወደዋለሁም፤ እትዬ ቤት ሆኜ ሁለተኛ ደረጃ ስማር በጀርባዬ ያዘልኩት ሕፃን ነው። ይሁን እንጂ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከውርርድ ቤት ደጃፍ አልተለየም። ሦስት ጊዜ ገንዘብ አበድሬው ሦስቱንም ጊዜ የእንግሊዝ ኳስ በላው። እንዲህ ያለውን ልጅ ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ በሚቆጠርበት መስኮት ኋላ ማስቀመጥ፣ "አታግባን ወደ ፈተና" ብሎ እየጸለዩ ወንድምን በገዛ እጅ ወደ ፈተና ማስገባት አይሆንም ወይ? ይህን እትዬ አያውቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። እንዳልነግራቸው ያደረገኝም ያው ይሉኝታ ነው። በፍቅር ስም ዝም ብዬ ልጁን ብቻውን ትቼዋለሁ።

ነገ ደውዬ አልሆንም ልበል ብዬ አሰብኩና ወረቀት አውጥቼ የምናገረውን መጻፍ ጀመርኩ። "እትዬ፣ ዋስ ልሆንለት አልችልም" የሚል አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። ሆኖም እጄ እዚያ ላይ አልቆመም፤ "መሥሪያ ቤታችን የዋስትና ደብዳቤ መስጠት አቁሟል" ብዬ ቀጠልኩበት። ውሸት ነው። ሰረዝኩትና "ለሌላ ሰው ዋስ ሆኜአለሁ" ብዬ ጻፍኩ። ይህም ውሸት ነው። "ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን" ያለው ጌታ፣ ከእነዚህ የወጣው ከክፉው ነው ብሎ የጨመረው ምን ማለቱ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ እምቢ ስንል እንኳ እምቢታችንን በሐሰት ጠቅልለን ነው የምንሰጠው፤ አሞኝ ነበር፣ ስልኬ ተዘግቶ ነበር፣ እንግዳ መጥቶብኝ ነበር እንላለን። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ "እግዚአብሔር ከፈቀደ" ማለታችን ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ ጌታ ቢፈቅድ በሉ ብሎ ያስተማረን ነገን በእጃችን እንዳልያዝን አውቀን እንድንናገር ነበር። እኛ ግን እንደማንመጣ እያወቅን "እግዚአብሔር ከፈቀደ እመጣለሁ" ስንል፣ የቀረነው እኛ ሆነን ሳለ ያልፈቀደው እርሱ እንዲመስል እናደርጋለን። ስሙን በከንቱ መጥራት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ሐምሌ 19 ቀን በተከበረው የቅዱስ ገብርኤል በዓል፣ በሚፈላው ጋን ፊት እናቱን ኢየሉጣን ያበረታታት ቂርቆስ የሦስት ዓመት ሕፃን እንደነበረ ሲነገር ሰምቼ እልል ብዬ ተመልሼአለሁ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ አቡነ ጴጥሮስ በ1928 ዓ.ም. አርበኞቹን አውግዙ፣ ለጣሊያንም ተገዙ ሲባሉ አልገዛም ብለው አዲስ አበባ ላይ በጥይት የተደበደቡበት ዕለት ነበር። ሰማዕታቱን እወዳቸዋለሁ፤ ገድላቸውን ስሰማ ዕንባዬ ይመጣል። ነገር ግን የእነርሱ እምቢታ በጠላት ፊት ነበር። የምወዳት ሴት፣ ያበላችኝና ያጠጣችኝ፣ ትምህርት ቤት ስሄድ ጠጉሬን የሠራችኝ ሴት ፊት እምቢ የሚባለው እንዴት ነው? ጌታ ጴጥሮስን "ወደ ኋላዬ ሂድ" ያለው ጴጥሮስ አይሁንብህ ብሎ በፍቅር ሊከለክለው ሲሞክር እንደነበር አስታወስኩ። ከጠላት ይልቅ ወዳጅን እምቢ ማለት የሚከብድ መሆኑን እርሱ ያውቀዋል።

እንግዲህ ነገሩ ለይቶልኛል ብዬ መጽሐፈ ምሳሌን ገለጥኩ። ምዕራፍ 6 ለጎረቤቱ ዋስ የሆነውን ሰው "በአፍህ ቃል ተጠመድህ" ይለዋል፤ ዓይኑ እንቅልፍ ሳያይ ሄዶ እየለመነ ራሱን እንዲያድን፣ ሚዳቋ ከአዳኝ እጅ እንደምታመልጥ እንዲያመልጥ ይመክረዋል። ደስ አለኝ። ለእኔ ዛሬ የተጻፈ መሰለኝ። ነገር ግን ደስታዬ ብዙ አልቆየም፤ በዘፍጥረት ምዕራፍ 43 ላይ ይሁዳ አባቱ ፊት ቆሞ ለብንያም እኔ ዋስ እሆናለሁ፣ ከእጄ ፈልገው ማለቱ ታወሰኝ። ጽዋው በብንያም ስልቻ በተገኘ ጊዜም አልሸሸም፤ በእርሱ ፈንታ እኔ ባሪያ ሆኜ ልቅር አለ። የዕብራውያን መልእክት ደግሞ ኢየሱስን ራሱን ለሚሻል ኪዳን ዋስ የሆነ ይለዋል። እኔ የምድነው ስለ እኔ የተዋሰ ስላለ አይደለምን? እንዲህ ያለ ዋስ ያለው ሰው አንድ ልጅ ለአንድ ሥራ ዋስ ሁኚልኝ ሲለው፣ መጽሐፈ ምሳሌን ገልጦ በር መዝጋት ይችላል?

ይሁዳ ምን እንደሚከፍል አውቆ፣ ወንድሙንም አውቆ ነበር ቃሉን የሰጠው። እኔ ከእትዬ ዝምታ ለማምለጥ ነበር የሰጠሁት። ይህን ልዩነት አየዋለሁ። የማላየው ግን የነገው እምቢታዬ ከየት እንደሚመጣ ነው። ለልጁ ነፍስ አስቤ ነው ወይስ ለደመወዜ? አባቴ ያሰመራቸው ቀይ መስመሮች አስፈርተውኝ አድረው የእግዚአብሔር ቃል መስለው እየተናገሩኝ ቢሆንስ? ለውርርዱ መተዊያ፣ ለሌላ ሙያ መማሪያ የምችለውን ላግዘው ብዬ አስቤአለሁ፤ ይህንንም ቢሆን ከልቤ መሆኑንና እምቢታዬን ማባበያ አለመሆኑን ራሴን ስጠይቅ መልስ አላገኝም።

ቅጹ ዓርብ መግባት አለበት ብለውኛል። በስልክ መናገር ይቀላል፤ ዝናብ አለ፣ አይሰማም፣ ይቋረጣል። ይሁዳ ግን የተናገረው አባቱ ፊት ቆሞ ነበር። ስለዚህ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ቤታቸው ልሄድ ወስኜአለሁ። እትዬ ሲያዩኝ ደስ ብሏቸው ተነሥተው ቡና ያቀርባሉ፣ ለዋስትናው የመጣሁ መስሏቸው ቅጹን ከሳጥን አውጥተው ፊቴ ያኖሩታል። ያን ጊዜ፣ ዓይናቸውን እያየሁ፣ ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ምንም ሳይጨመርበት ከአፌ ይወጣልኝ ይሆን?