ዋስትናው ያለፈበት የአየር ድንኳኔና ጎሚስታው ቤት የሠራሁት ስህተት

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ቀድሞ ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ እያልኩ አሁንም ስለምቆጭ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ድንኳን አከራያለሁ። ለሰርግ፣ ለለቅሶ፣ ለተዝካር፣ ለምርቃት፣ ለተገኘው ሁሉ። ለዓመታት የሠራሁት በብረት ቋሚና በሸራ ነው። አራት ልጆች፣ አንድ አይሱዙ፣ የግማሽ ቀን ሥራ። አዲስ አበባ አንድ አስመጪ ሱቅ ውስጥ በአየር የሚነፋ ድንኳን ተተክሎ ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ብረት የሚባል ነገር የለውም። በአራት ቅስት ቱቦ ይቆማል፤ ሁለት ሰው በሃያ ደቂቃ ተክሎ ይጨርሰዋል። ፈረንጆች ለሽርሽር ሲወጡ ከካራቫናቸው፣ በመኪና ከሚጎትቱት ቤት፣ ጎን የሚያቆሙት ዓይነት ነው፣ የእኔው ሰፋ ያለ ነው እንጂ።

ግዢው ቀላል ነበር። ኅዳር ላይ ከፈልኩ፣ የቫት ደረሰኝ ተቀበልኩ፣ የአንድ ዓመት ዋስትና ወረቀት ተሰጠኝ፣ በዚያው ቀን 130 ኪሎ ሜትሩን ጭኜ ተመለስኩ። ሥራውም በደንብ ሄደ። እስከ ነሐሴ ድረስ ስለዚህ ድንኳን ክፉ የሚናገር ሰው ቢመጣ እጣላው ነበር።

አሠራሩን ልንገራችሁ፣ ጥፋቱ እዚያ ላይ ነውና። እያንዳንዱ ቅስት ሁለት ነገር ነው። ውጭው ወፍራም የጨርቅ እጅጌ ነው፣ በዚፕ ይዘጋል። ውስጡ ቲፒዩ ከሚባል ለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራ ከመነዳሪ አለ። አየሩን የሚይዘው ከመነዳሪው ነው፤ ግፊቱን የሚሸከመው ግን እጅጌው ነው። የእኔው የሚነፋው፣ የአየር ግፊት በሚለካበት በፒኤስአይ፣ እስከ 7 ነው። የመኪና ጎማ ሠላሳ ገደማ ስለሚይዝ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ለዚህ ነገር 7 ብዙ ነው።

ነሐሴ ላይ አንድ ለቅሶ ቤት ተክዬው አደረ። ጠዋት ስመለስ ሁለተኛው ቅስት ለስልሶ አገኘሁት። ወገቡ ላይ እጥፍ ብሏል። ፎቶ አንስቼ ለሱቁ ሠራተኛ በቴሌግራም ላክሁ። ደወለልኝና «ወንድሜ፣ የእናንተ አገር ብርድ ነው፣ አየር ሲቀዘቅዝ ይቀንሳል፣ ትንሽ ጨምርበት» አለኝ። እውነት አለው፣ አየር ሲቀዘቅዝ ይቀንሳል። ስለዚህ አመንኩት። ጨመርኩበት። አምስት ወር ገደማ በየጠዋቱ እየጨመርኩ ሠራሁ። አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ብርድ ቢሆን ኖሮ አራቱም እኩል ይለሰልሱ ነበር። አንዱ ብቻ ለምን? ያን ጥያቄ ያኔ አልጠየቅሁም።

ከዚያ ጥር መጣ። ሰላ ድንጋይ ሰርግ ነበረኝ። ማታ ብርዱ አጥንት ሲሰብር ነፋሁት፣ ጌጁ፣ የግፊት መለኪያው፣ በትክክል 7 አሳየ። ጠዋት ሰማዩ ጠራ፣ ፀሐይዋ ወጣች። ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለተኛው ቅስት ፈነዳ። ድምፁ የጎማ ፍንዳታ ነው። ጣሪያው በአንድ በኩል ተደፍቶ ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበት አግዳሚ ላይ ወደቀ። ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የሙሽራዋ አባት ምንም አልተናገሩኝም። «ልጄ፣ አንሣውና ሰዎቹን ከፀሐይ አስጠልልልኝ» አሉኝ፣ በቃ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የኪራዩን ገንዘብ በማግስቱ ወስጄ መለስኩላቸው።

የፀሐዩን ነገር በኋላ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፣ ሰላ ድንጋይም ደጋ ነው። ማታ 5 ዲግሪ ላይ 7 ፒኤስአይ የነፋችሁት ቱቦ ቀን በፀሐይ ውስጡ 35 ዲግሪ ቢደርስ ግፊቱ ወደ 9 ይጠጋል። የአገራችን ደጋ ማታውና ቀኑ ሰማይና ምድር ነው። ይህን የሚናገር አንድ መስመር ወረቀቱ ላይ የለም። «እስከ 7 ይንፉ» ብቻ ነው የሚለው። እኔ ደግሞ የምላችሁ፦ ማታ በብርድ ከነፋችሁ 5 ላይ አቁሙ፣ ቀን ዙሩና ለኩ። ወረቀቱ ከሚለው ውጭ ነው፣ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ስህተቴ ልምጣ።

በሦስተኛው ቀን ሌላ ሰርግ ነበረኝ። ቸኮልኩ። ዚፑን ከፍቼ የፈነዳውን ከመነዳሪ አወጣሁና ጠቅልዬ ጎሚስታ ጋ ወሰድኩት። ሰውየው ጎበዝ ነው፣ ጎማዬን ሁልጊዜ የሚሠራልኝ እሱ ነው። «አይዞህ፣ ይሄማ ቀላል ነው» አለኝ። ቀዳዳው ከአንድ ስንዝር የሚረዝም ስንጥቅ ነበር። ፓቹ በደንብ እንዲቀመጥለት ብሎ የተቀደደውን ጠርዝ በመቀስ አስተካከለው። ጣት የምታህል ቁራጭ መሬት ላይ ወደቀች። አጠገቡ ቆሜ አየኋት። ከዚያ በመፋቂያ ፋቀው፣ ማስቲሽ ቀባው፣ ፓቹን አስቀመጠና በእሳት ማጣበቂያው ጫነው። ፕላስቲኩ ወዲያው ተጨማደደ። የጎማ ማስቲሽ ለጎማ ነው፣ ቲፒዩን አይዝም፤ ለዚህ የራሱ ማጣበቂያና የራሱ ፓች አለው። እኔ ግን ያን አላውቅም ነበር። ገና ሁለት ፒኤስአይ ሳይደርስ ፓቹ ተላጦ ወጣ።

ጎሚስታው ላይ አልፈርድም። ያመጣሁለት እኔ ነኝ። ያቺ ቁራጭ ግን ከአእምሮዬ አትወጣም። ስንጥቁ የጀመረው እዚያ ጠርዝ ላይ ነበር። ፋብሪካው ሁለቱን ፕላስቲክ በሙቀት ያያያዘበት መስመር መላቀቁን የምታሳየው እሷ ነበረች። ማስረጃዬን በገዛ ገንዘቤ አስቆርጬ አስጣልኩ።

አዲስ አበባ ይዤው ሄድኩ። ሱቁ መጀመሪያ የነገረኝ «ዋስትናው ከሁለት ወር በፊት አልፏል» ነው። ነሐሴ ላይ ነግሬያችሁ ነበር ስላቸው የጠረጴዛው ሰውዬ ከመነዳሪውን ገለጥ አድርጎ የተጨማደደውን ቦታ አየና «ይሄ እኮ ተነካክቷል፣ በእሳት ተቃጥሏል፣ እኛ ምን እናድርግ?» አለ። አፌን ያዘኝ። ምን ልበል? እውነቱን ነው።

ከዚያ የሸማች አቤቱታ ይዤ ቢሮ ለቢሮ መንከራተት ሆነ። ደብረ ብርሃን ያለው ቢሮ ዕቃው የተገዛው አዲስ አበባ ስለሆነ እዚያ ሂድ አለኝ። አዲስ አበባ ያለው ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሐሙስ ተመለስ አለኝ። ሐሙስ ተመለስኩ፣ ሰኞ ተባልኩ። በአምስተኛው ምልልስ አንዲት ወጣት ባለሙያ ማመልከቻዬን አንብባ ጨረሰችና «ይቅርታ፣ እርስዎ ሸማች አይደሉም፣ ነጋዴ ነዎት» አለችኝ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። እኔ የገዛሁት ላከራየው ነው። ልክ ናት፣ አልተከራከርኳትም። የሚያቃጥለኝ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመስማት ሰባት ሳምንትና አምስት የደርሶ መልስ ትራንስፖርት መክፈሌ ነው። ማመልከቻዬ የመጀመሪያው መስመር ላይ «ድንኳን አከራይ ነኝ» ይላል እኮ! ከእሷ በፊት የነበሩት አላነበቡትም።

እሷው ናት መንገዱን ያሳየችኝ። «የፍትሐ ብሔር ሕጉን ጠበቃ ይጠይቁ» አለችኝ። ጠየቅሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ ነው ይላል፣ ገዢው ነጋዴ ቢሆንም። ጉድለቱ ዕቃው በእጅህ ሲገባ የነበረ መሆን አለበት። በተራ ምርመራ የማይታይ ከሆነ ደግሞ ባወቅኸው ጊዜ ሳትዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለብህ። ሱቁ የሰጠህ የአንድ ዓመት ወረቀት ከዚህ የተለየ ነገር ነው። ወረቀቱ ሲያልፍ ሕጉ አብሮ አያልፍም። እኔ ግን ሁለቱን አንድ አድርጌ ነበር የማስበው፣ ሱቁም እንደዚያ እንዳስብ ነበር የሚፈልገው።

ጠበቃው ሁለት ጥያቄ ጠየቀኝ። መቼ አሳወቅህ? የመጀመሪያ ጉድለት መሆኑን በምን ታሳያለህ?

ለመጀመሪያው ነሐሴ ላይ የላክሁት ፎቶ ከነቀኑ ቴሌግራሜ ላይ ቁጭ ብሏል። ስልክ ደውዬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባዶ እጄን ነበርኩ። ለሁለተኛው ግን ቁራጯ የለችም። ያን ማታ አልተኛሁም። ጠዋት ተነሥቼ የቀሩትን ሦስት ቅስቶች ዚፕ ከፈትኩ። ወረቀቱ «ዚፑን አይክፈቱ፣ ዋስትናውን ያሳጣል» ይላል። ያለፈ ዋስትና ምን ያሳጣኛል? ሦስቱንም ከመነዳሪ ሳሎን ወለል ላይ ዘረጋኋቸው። በቀስታ ነፍቼ የሳሙና አረፋ ቀባሁባቸው። ከቫልቩ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ፣ በሦስቱም ላይ፣ በዚያው ቦታ፣ የማያያዣው መስመር ነጣ ነጣ ብሎ መላቀቅ ጀምሯል። አንዱ አረፋ ያወጣ ነበር። ጥቃቅን፣ እንደ ጨው። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። ሜትር አጠገቡ አድርጌ ከየአቅጣጫው ፎቶ አነሳሁ። ሦስት ከመነዳሪ በአንድ ቦታ የሚላቀቀው የእኔ አያያዝ ስላበላሸው አይደለም።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ነበር። የተገዛበት ቀን፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ የነሐሴው መልእክት፣ የሦስቱ ፎቶ፣ የምፈልገው ነገር፣ የምጠብቅበት ቀን። ፖስታ ቤት ሄጄ በአደራ ደብዳቤ ላክሁት፣ ደረሰኙን ያዝኩ። ያን ሁሉ ሳምንት «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስባል ኖሬ፣ በዘጠነኛው ቀን የአስመጪው ባለቤት ራሱ ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ እንዲህ መራራቅ ምን ያስፈልጋል» አለ። ሦስት አዲስ ከመነዳሪ ያለ ክፍያ ሰጠኝ። አራተኛውን፣ ጎሚስታ የነካውን፣ እምቢ አለ። እዚያ ላይ መከራከሪያ አልነበረኝም። ከኪሴ ገዛሁት።

ስለዚህ ሰዎች መጀመሪያ ቢሮ ሂዱ ሲሏችሁ እኔ አልስማማም። ዕቃውን ለሥራ ከገዛችሁት በተለይ። መጀመሪያ ለሻጩ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ቀኑ የሚታይ ይሁን፣ ከዚያ ሌላው ይምጣ። የተበላሸውን ነገር ደግሞ ማንም ሰው፣ የገዛ ወንድማችሁም ቢሆን፣ ፎቶ ሳይነሣ እንዳይነካው። አንድ ሰርግ ቢያመልጣችሁ ይመለሳል። የብረት ድንኳን ተበድራችሁ ሥሩ።

በዓመቱ ጥር ላይ ድንኳኑን ደብረ ሲና ተከልኩት። ማታ 5 ላይ አቆምኩ። 4 ሰዓት ላይ ጌጄን ይዤ ዞርኩ፣ ፀሐዩ ጀምሯል፣ ሦስተኛው ቅስት 7 አልፎ ነበር። ቫልቩን ጫን አድርጌ ትንሽ አስተነፈስኩትና ሙሽሮቹ ሳይመጡ ወደ አራተኛው ሄድኩ።