ሽሮ ሜዳ ላይ ሊያ ከበደ ትዝ አለችኝ

ዛሬ ለእህቴ ሰርግ የሐበሻ ቀሚስ ልገዛ ሽሮ ሜዳ ሄጄ ነበር። ዋጋው ራስ ያዞራል፣ እሱን እንተወው። አንድ ሸማኔ "ልጆቼ ይህን ሙያ አይፈልጉትም" ሲለኝ ሊያ ከበደ ትዝ አለችኝ። ሞዴሏ እ.ኤ.አ. በ2005 የዓለም ጤና ድርጅት የእናቶችና ሕፃናት ጤና የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆነች። በ2007 ደግሞ ሸማኔዎች ገበያ አጥተው ሥራ ሲፈቱ አይታ "ለምለም" የተባለውን የልብስ ድርጅት አቋቋመች። እኔን የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። ብዙ ዝነኛ ችግኝ ተክሎ፣ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል (ውሃ የሚያጠጣው ሌላ ሰው ነው)። እሷ ግን በዝናዋ ለሸማኔው ገበያ ፈለገችለት። የእኛዎቹ አርቲስቶችስ? በየበዓሉ ቲቪ ላይ የሚያምሩበትን ጥበብ ማን እንደሸመነው ቢነግሩን ምን አለበት?