ደገኛ ነኝ ብዬ ሳነቴ ላይ ያደርሁበት ሌሊት

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡን በሰማሁ በሦስተኛው ወር፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ወደዚያው ተጓዝሁ። ስለ ውበቱ የተናገሩ ብዙዎች ስለሆኑ እኔ የምጽፈው ስለ ሌላ ነገር ነው። ከመሄዴ በፊት አንድ ሰው «የመጀመሪያውን ሌሊት ሳነቴ ላይ አትደር» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ እላለሁ፤ ሳነቴ የፓርኩ ከፍተኛ አምባ ነው። እርግጥ ያለኝ ሰው ነበረ፤ የነገረኝ ግን እዚያው ሳነቴ ላይ ሆኖ ነው፤ እኔም አልሰማሁትም።

መንገዱ አያስቸግርም። ከአዲስ አበባ ንጋት ላይ ተነሥተን በአሰላና በዶዶላ በኩል 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ከሰዓት በኋላ ዲንሾ ደረስን፤ የመግቢያ ክፍያ ከፈልን፤ ስካውት፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ፣ ተመደበልን፤ በጋይሳይ ሜዳ የደጋ አጋዘን መንጋ ተረጋግቶ ሲግጥ አየን። ከዚያም ሙቅ ውኃ ያለው ሆቴል ፍለጋ ጎባ ሄደን አደርን። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆን ጎባ ከእርሷ ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ሰውነታችንን ከፍታ ማስለመድ በነበረብን ሌሊት እኛ ለገላ መታጠቢያ ስንል ወረድን። ያን ጊዜ ይህ እንደ ስሕተት አልታየኝም።

ጉዞውን ያሰናዳልንን የጉዞ ወኪል ስለ ከፍታው በስልክ ሦስት ጊዜ ጠይቄው ነበር። ሦስቱንም ጊዜ የመለሰልኝ «ምን ችግር አለው፣ የሀበሻ ልጅ አይደለህ?» ብሎ ነው። ይህ መልስ ዛሬም ያናድደኛል፤ ከዚህ የበለጠ የሚያናድደኝ ግን እኔም መስማት የፈለግሁት ይህንኑ መሆኑ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ ውርጭ ረግጦ ትምህርት ቤት የሄደን ሰው ብርድና ከፍታ ምን ያደርገዋል ብዬ በልቤ ስኩራራ ነበር። እንዲያውም ያሳሰበኝ ባልደረባዬ ነበር፤ እርሱ የድሬዳዋ ልጅ ነው።

በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሳነቴ አምባ ላይ ወጣን። አምባው በአብዛኛው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ፣ በኦሮምኛ «ቀይ ተራራ» ማለት ነው፣ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በየቦታው ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ከሣሩ በላይ ብቻውን ቆሟል፤ በየጉድጓዱ አፍ ላይ ግዙፉ ፍልፈል ብቅ እያለ ይጠፋል፤ የቀይ ቀበሮው ዋና ምግብም እርሱ ነው። በዓለም ከቀሩት ከ500 የማይበልጡ አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በዚሁ በባሌ ተራሮች ነው። ፀሐዩ ሞቅ ስላለ በሸሚዝ ነበር የምንሄደው። በአምባው ደቡባዊ ጠርዝ አካባቢ፣ ከአንዲት ትንሽ ሐይቅ አጠገብ፣ ድንኳን እንድንተክል የወሰንሁት በዚህ ሙቀት ተታልዬ ነው።

ስካውቱ ሸምገል ያሉ የዚያው አገር ሰው ናቸው። ድንኳኑን ስዘረጋ ቆመው ሲመለከቱኝ ቆዩና «ልጄ፣ ዛሬ ሪራ መንደር ወርዳችሁ እደሩ፤ እዚህ ነገ ትመጣላችሁ» አሉኝ። «አይ አባቴ፣ እኔ እኮ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ» አልኋቸው። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉና ዝም አሉ። ሾፌሩ ግን ዝም አላለም፤ እዚህ ብርድ ላይ እንደማያድርና፣ የሚያድር ከሆነም ተጨማሪ አበል እንደሚፈልግ በግልጽ ነገረን። አበሉን ለመቆጠብ ስል መኪናውን ይዞ ጎባ እንዲያድርና ጠዋት እንዲመለስ አሰናበትሁት። ከሁሉም ስሕተቶቼ ትልቁ ይህ ነው፤ ስልክ በማይሠራበት በዚያ ከፍታ ላይ ከመኪናችን የተለየነው ለጥቂት ብር ነው።

ራሴን ያመመኝ 11 ሰዓት ገደማ ነው። የራስ ምታት ክኒን ዋጥሁ፤ ፀሐይ ነው አልሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሆዴ ተገላበጠ። ቀይ ቀበሮ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ተንበርክኬ እያስመለስሁ ቀና ስል ከሠላሳ እርምጃ የማይበልጥ ርቀት ላይ ቆሞ ያየኛል። ባልደረባዬ የእንጀራ ቁራሽ ሊወረውርለት ሲል ሽማግሌው እጁን ያዙት። ቀይ ቀበሮ ሰው ምግብ ካስለመደው ወደ መንደር ይጠጋል፤ በመንደር ውሾች በኩል የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ እነዚህን እንስሳት ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። ባልደረባዬ እሳት እናንድድ ሲልም እንዲሁ ከለከሉት።

ሲመሽ ብርዱ መጣ። በራሪ ወረቀቱ ላይ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ እንደሚችል የተጻፈለት ስሊፒንግ ባጌ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉዱ ታየ፤ ጠርሙስ ውስጥ የነበረው ውኃ ዳር ዳሩ በረዶ ሠራ። ብርዱ ግን ከትንፋሽ ማጠሬ አይብስም ነበር፤ እንቅልፍ ሸለብ ባደረገኝ ቁጥር አየር አጥሮኝ እባንናለሁ። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ያህል ብቻ መሆኑንና ሰውነት ይህን የሚለምደው በቀናት እንጂ በትውልድ አገር ስም አለመሆኑን የተረዳሁት ከተመለስሁ በኋላ ነው። የድሬዳዋው ልጅ ጎኔ ተኝቶ ያንኮራፋ ነበር።

4 ሰዓት ሲሆን ለሽንት ወጣሁ፤ ሁለት እርምጃ ሳልሄድ ተንገዳገድሁ። ሽማግሌው እንቅልፍ አልወሰዳቸውም ነበርና ባትሪ አብርተው ቀጥ ባለ መስመር እንድሄድ አዘዙኝ። አልቻልሁም። «ራስህን ብቻ ቢያምህ እናድር ነበር፤ እግርህ ከከዳህ ግን አናድርም፤ ተነሡ» አሉ። ሐኪሞች የሚሉትም ይህንኑ እንደሆነ በኋላ አነበብሁ፤ ከፍታ ላይ ያለ ሰው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ሕመሙ ወደ አንጎሉ ሄዷልና መድኃኒቱ ሳይውል ሳያድር መውረድ ነው። መኪና ያለው ሰው በአንድ ሰዓት ይወርዳል። እኔ በባልደረባዬ ትከሻ ተደግፌ፣ ድንኳኑን እንደቆመ ትተን፣ በጨረቃ ብርሃን የጠጠሩን መንገድ እየተከተልሁ ለአራት ሰዓት ያህል ወረድሁ። በየመታጠፊያው እቀመጣለሁ፤ ሽማግሌው ያስነሡኛል። አንድም ጊዜ «ነግሬህ ነበር» አላሉኝም፤ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፎ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ስንገባ ራሴ ቀለል አለኝ። ሪራ ስንደርስ ደግሞ ራበኝ። ሲነጋ ከፊታችን የሐረና ደን ነበር፤ ግንዶቹን ሽበት የሚመስል፣ ከዛፍ ላይ የሚበቅል ሽበቶ ሸፍኗቸዋል፤ ታች ዝቅ ሲል ቡናው ማንም ሳይተክለው በጥላ ሥር ይበቅላል፤ ከዛፍ ላይ የተሰቀሉ ቀፎዎች ይታያሉ። የጉዞዬ ምርጥ ሰዓታት እነዚያ ናቸው፤ በእቅዳችን ግን ሐረና «ጊዜ ከተረፈ» ተብሎ የተቀመጠ ነበር።

ስለዚህ ማንም የሚሰማኝ ካለ፣ የጉዞ ወኪሎች የሚሰጡትን ቅደም ተከተል ገልብጡት። አንድ ሌሊት ዲንሾ እደሩ፤ ሳነቴን በቀን አቋርጡና ሐረና ወርዳችሁ ሁለት ሌሊት ቆዩ፤ ሳነቴ ላይ ማደር የግድ ካማራችሁ በመጨረሻው ሌሊት አድርጉት። ብዙ መመሪያዎች ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ደረቅ ወቅት ይመክራሉ፤ በመኪና አይቶ ለሚመለስ ሰው ልክ ናቸው። ድንኳን ለሚተክል ግን ያ ወቅት የውርጭ ወቅት ስለሆነ እኔ ጥቅምትን እመርጣለሁ፤ ዝናብ ሊያገኛችሁ ይችላል፤ ዝናብ ግን ከዚያ ውርጭ ይሻላል። ከስሊፒንግ ባጉ ላይ ጋቢ ደርቡ። መኪናውን ከአጠገባችሁ አታርቁ።

ሾፌሩ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሳነቴ ደርሶ ያገኘው በውርጭ የነጣ ባዶ ድንኳን ብቻ ነበር። ሪራ ሲያገኘን እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጅብ በልቷቸዋል ብሎ ደምድሞ ኖሯል። ለረጅም ጊዜ አላናገረኝም። ማታ ሒሳብ ስንተሳሰብ የሁለት ሌሊት አበል ጠየቀኝ፤ አልተከራከርሁም፤ ከፈልሁ።