የስልክ መቅጃው እና የሰዓት ጣጣ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

የቢሮ ስልክ መቅጃ ሽቦውን ማገናኘት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የሚያደክመው መቼ መቅዳት እንደሚጀምር ለማሽኑ መንገር ነው፤ ከዚያም የተቀዳውን ፈልጎ ማግኘት።

የመስመር ስልክ በሁለት ሽቦ ነው የሚሠራው፤ መቅጃው በመንታ ሶኬት ከስልኩ ጎን ይሰካል። ስልኩ ተዘግቶ ሳለ በሽቦዎቹ መካከል ወደ 48 ቮልት አለ፤ እጀታው ሲነሳ ከ6 እስከ 12 አካባቢ ይወርዳል። ማሽኑ ጥሪ መጀመሩን የሚለየው በዚህ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በቴስተር ሁለቱንም ለክቶ መጻፍ፣ ቀረጻ የሚያስጀምረውን የመቀስቀሻ ቮልትም በሁለቱ መሃል ማድረግ፤ 48 እና 8 ከሆነ 24 ይበቃል። ስልክ ሲጠራ ሽቦው ላይ እስከ 90 ቮልት ስለሚመጣ በጥርስ መላጥ የሚወዱ ሰዎች ቢተዉት ይሻላቸዋል።

በድምፅ የሚቀሰቀሰውን አማራጭ አልወደውም። የመጀመሪያዋን «ሄሎ» ይበላል፤ ደንበኛው ትንሽ ዝም ካለ ደግሞ አንዱን ጥሪ ሦስት ቦታ ይቆራርጠዋል። በቮልት የሚቀሰቀሰውም እንከን አያጣም፦ መስመሩ ውጭ ከተበጠሰ ቮልቱ ዜሮ ይሆናል፣ ማሽኑም ስልክ የተነሳ ይመስለውና ሌሊቱን ሙሉ ዝምታ ሲቀዳ ያድራል። የስምንት ሰዓት ባዶ ፋይል ከተገኘ የሚጠረጠረው መስመሩ ነው።

በዚያው ሽቦ ኢንተርኔት ካለ መቅጃው ስልኩንና ኢንተርኔቱን ከሚለየው ስፕሊተር የስልክ መውጫ በኋላ ይግባ፤ ከፊት ከገባ ቀረጻው ይንሿሿል። ድምፁ የሚያጉረመርም ከሆነ ግን ገመዱ ከመብራት ሽቦ ጋር አብሮ ተዘርግቶ እንደሆነ ማየት ነው። ዲጂታል ፒኤቢኤክስ (የውጭ መስመሮችን ለቢሮው ስልኮች የሚያከፋፍል ማሽን) ባለበት ቢሮ ወደ ጠረጴዛ ስልክ በሚሄደው ሽቦ ላይ መሰካት ዋጋ የለውም፤ ከውጭ የሚገቡት መስመሮች ላይ ይሁን። የድሬን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ማሽኑን ሞደም ላይ አትደርብ ማለት አያስፈልግም።

አሁን ሰዓቱ። ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጆች ነው። ደንበኛ «ትናንት ከቀኑ 8 ሰዓት ደውዬ ነበር» ሲል የሚፈለገው 14:00 ላይ ነው፤ 08:00 ላይ የፈለገ ሠራተኛ ጥሪው አልተቀዳም ብሎ ይምላል። ማሽኑን በእኛ ሰዓት መሙላት ብልሃት ይመስላል፤ ግን ከኢንተርኔት ሰዓቱን ባስተካከለ ቀን ግማሹ ፋይል በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው አቆጣጠር ይቀራል። ይልቅ ጠዋት 2 ሰዓት 8፣ ከቀኑ 6 ሰዓት 12፣ 11 ሰዓት 17 እያሉ በወረቀት ጽፎ ማሽኑ ላይ መለጠፍ። መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ የሚጠፋ ከሆነ ውስጥ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች።

ቦታ ብዙም አያሳስብም። ሳይጨመቅ የአንድ ሰዓት ንግግር ወደ 29 ሜጋባይት ነው፤ አራት መስመር በቀን ሦስት ሦስት ሰዓት ቢወራበት 32 ጊጋባይት ካርድ ሦስት ወር ገደማ ይቆያል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የስልክ ግንኙነትንም ይጠብቃል፤ ስለዚህ ጥሪው እንደሚቀዳ ለደዋዩ መነገር አለበት፣ እዚህ ከተማ ደግሞ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ።

ለሙከራ ከሞባይል ደውሎ ከሁለቱም ወገን ከ1 እስከ 10 መቁጠር ነው። የቢሮው ድምፅ ጮኾ የደዋዩ ከሳሳ ድምፅን በራሱ የሚያመጣጥነውን ማስተካከያ ከፍቶ እንደገና መደወል።